የዕቃ ዋጋና የእጅ ዋጋ

በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የሚሸጡ አባሎቻችንን ገጽ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የቀሚሱ ፎቶ አለ፤ ልኩ አለ፤ ስልክ ቁጥሩም አለ። ዋጋው ግን የለም። በዋጋው ቦታ «ለዋጋ በኢንቦክስ ያናግሩን» ተብሎ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ስንጠያየቅ የምንሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ ተፎካካሪ አይቶ ዋጋ እንዳይሰብርብን፣ ገዢ ቁጥሩን ብቻ አይታ ሳታናግረን እንዳትሄድ፣ ከውጭ አገር ለሚያዝ ደንበኛ ከፍ አድርገን ለመጥራት እንዲመቸን።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። አብዛኞቻችን የምንሸጠውን ሁሉ በራሳችን እጅ አንሠራውም። ማጉን አንዷ ትፈትላለች፤ ሸማኔ ይሸምናል፤ ጥልፉን ሌላ ሴት ቤቷ ወስዳ ትጠልፋለች፤ ፎቶውን አንድ ወጣት ያነሳል፤ ዕቃውን ሞተረኛ ያደርሳል። ለእነዚህ ሰዎች የምንከፍለው የእጅ ዋጋም እንደ ቀሚሱ ዋጋ በየጊዜው በቃል የሚቆረጥ ነው።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቁጥር ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ዋጋዎች በሌሎች አገሮች እንዴት በግልጽ መጻፍ እንደጀመሩ ሳነብ ቆይቻለሁ። ያገኘሁት ባጭሩ ይህ ነው። የዕቃ ዋጋ ተጽፎ መለጠፍ የለመደው ነጋዴዎቹን ራሳቸውን ስለጠቀማቸው ነው። የእጅ ዋጋ ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ ያውም በጥያቄና በትግል ነው የተጻፈው። እኛ ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለን ሰዎች ነን፤ ጠዋት ነጋዴ፣ ማታ የሰው ሥራ ተቀባይ። ስለዚህ ታሪኩ በሁለቱም በኩል ይመለከተናል። (ከአገራችን አዋጆች በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅ የሚላክበት ሱቅ

በዋጋ መከራከር ነውር አይደለም። ሻጭና ገዢ በሚተዋወቁበት ገበያ ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ምርቃቱም ከዚያው ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ሻጭና ገዢ የማይተዋወቁ ሲሆኑ ነው። ያን ጊዜ ዋጋውን የሚወስነው የዕቃው ጥራት ሳይሆን የገዢው አለባበስ፣ አነጋገርና ችኮላ ይሆናል።

በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ ክዌከር ብሎ የሚጠራቸው ክርስቲያኖች ይህን አሠራር በሃይማኖታቸው ተቃወሙት። አሥር ጠርቶ በስድስት መሸጥ፣ መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ውሸት ያደርገዋል አሉ። ስለዚህ የሚሸጡበትን ዋጋ አንድ ጊዜ ተናግረው እዚያው ይቆሙ ነበር። በመጀመሪያ ገዢ ሸሻቸው። በኋላ ግን መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ እንደመሰከረው ሰዎች አንድ ነገር ተገነዘቡ፤ ወደ ክዌከር ሱቅ ልጅ ቢልኩ እንኳ ልጁ ራሳቸው ሄደው ከሚከፍሉት በላይ አይከፍልም። ገበያው ተመልሶ መጣላቸው።

ይህች የልጅ ነገር ቀላል አይደለችም። ዋጋው በክርክር የሚቆረጥ ከሆነ ገዢው ራሱ መሄድ አለበት፤ ሻጩም ራሱ ሱቅ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም እስከ ስንት መውረድ እንደሚቻል የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዋጋው ከተቆረጠ ግን መግዛትም መሸጥም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ሥራን ለሌላ ማካፈል የሚቻለው ዋጋ ሲታወቅ ነው ማለት ነው።

በጃፓን የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ሚትሱይ ታካቶሺ የሚባል ነጋዴ በ1673 የዛሬዋ ቶኪዮ በሆነችው በኤዶ ከተማ ኤቺጎያ የተባለ የኪሞኖ ጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ንግዱን ያየው ከእናቱ ነው። እናቱ ሹሆ በማትሱሳካ ከተማ የሩዝ መጠጥና ሚሶ እየሸጠች፣ በመያዣም ገንዘብ እያበደረች ቤቱን ያቆመች ሴት ነበረች፤ የሚትሱይ ቤተሰብ ታሪክ የንግዱን መሠረት የሚሰጠው ለእሷ ነው።

በዚያ ዘመን የኤዶ ጨርቅ ነጋዴዎች ናሙና ይዘው ወደ ባለጸጎች ቤት ይሄዱ ነበር። ሽያጩ በዱቤ ነው፤ ክፍያው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ዋጋውም ከየደንበኛው ጋር በክርክር ይቆረጣል። የዱቤው ወለድና የማይከፍለው ሰው ኪሳራ ሁሉ ዋጋው ላይ ተደብቆ ይጨመራል። ሚትሱይ ይህን ገለበጠው። ሽያጩ በሱቅ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በተቆረጠ ዋጋ እንዲሆን አደረገ፤ ይህንንም ጽፎ ለጠፈ። ሌሎቹ ጣቃውን ካልሆነ አንሸጥም ሲሉ እሱ ገዢው የፈለገውን ያህል ቆርጦ ሸጠ። ሠራተኞቹንም በየጨርቁ ዓይነት መደባቸው፤ አንዱ አንድ ዓይነት ብቻ ይሸጣል። ዋጋው ስለተጻፈ ማንኛውም ሠራተኛ ያለ ባለቤቱ መሸጥ ይችላል። ተፎካካሪዎቹ ክፉኛ ተነሱበት፤ በ1683 ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር እስከማዛወር ደረሰ። ንግዱ ግን አልሞተም፤ ሚትሱኮሺ የሚባለው የጃፓን ትልቅ መደብር የዚያ ሱቅ ወራሽ ነው።

በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ በ1852 ቦን ማርሼ በተባለው መደብር ባለድርሻ ሆኖ ገባ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋው ተለጥፎ፣ ገዢ ያልወደደውን እንዲመልስ ተፈቅዶ፣ ትርፉ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ሆኖ ብዛቱ እንዲያካክስ ተደረገ። ከእሱ በፊትም አንዳንድ የፓሪስ ሱቆች ዋጋ ይለጥፉ ነበር፤ እሱ ግን በትልቁ አደረገው። እሱ በ1877፣ ልጃቸውም በ1879 ሲሞት መደብሩ በሚስቱ በማርገሪት እጅ ወደቀ። ማርገሪት ከድሃ ቤት ተወልዳ በልጅነቷ በልብስ እጥበት የሠራች ሴት ናት። በ1880 ሠራተኞችን ባለድርሻ ያደረገ ኩባንያ አቋቁማ እስከ ሞተችበት እስከ 1887 ድረስ መራችው። ያን የሚያህል መደብር በባለቤቱ ትከሻ ላይ ሳይወድቅ እንዲሠራ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በየዕቃው ላይ የተለጠፈው ቁራጭ ወረቀት ነው።

ለእኛ ሥራ የቅርቡ ዘመድ ግን በፖስታ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። አሮን ሞንጎመሪ ዋርድ በ1872 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ 163 ዕቃዎችን ከነዋጋቸው የዘረዘረች አንዲት ወረቀት አሳትሞ ለገበሬዎች ላከ። ገዢው ዕቃውን አላየም፤ ሻጩን አያውቅም። በመካከላቸው ያለው መተማመኛ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው። በ1875 ደግሞ ያልረካ ገዢ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ጨመረበት። ወረቀቷ እያደገች ወፍራም ካታሎግ ሆነች፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ይህ ካታሎግ የተለየ ዋጋ የነበረው በአሜሪካ ደቡብ ለሚኖሩ ጥቁር ገበሬዎች ነው። በመንደሩ ሱቅ ነጩ ሁሉ ተስተናግዶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ በዱቤ ሲገዙም ዋጋውን የሚወስነው ባለሱቁ ነው። የካታሎጉ ዋጋ ግን ታትሟል፤ ለነጩም ለጥቁሩም አንድ ነው። ከዚህ የምንማረው የተደበቀ ዋጋ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አለመሆኑን ነው። መከራከር የሚችል፣ ሌላ አማራጭ ያለው፣ ጊዜ ያለው ሰው አስቀንሶ ይሄዳል። ሙሉውን የሚከፍለው አቅም የሌለው ነው።

ከእንዝርት እስከ ሰንሰለት

አሁን ወደ ሁለተኛው ዋጋ፣ ወደ እጅ ዋጋ ልለፍ።

ሥራን ለሌላ ሰጥቶ ማሠራት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አይደለም። የእኛው ሸማ ምስክር ነው። ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት የምታደርገው ሴት ናት፤ ድርና ማጉን ለሸማኔ ሰጥታ የእጅ ዋጋውን ትከፍላለች። የሸማኔው የእጅ ዋጋ ስም አለው፤ ይጠየቃል፤ ይከፈላል። የፈታዪዋ ግን የቤት ሥራ ተብሎ በቤት ውስጥ ይቀራል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ የእጅ ፈትል ማግ ግን አሁንም በገበያ ይፈለጋል። የፈታዪዋ ሰዓት ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ አይቆጠርም።

በእንግሊዝ ይኸው ነገር በከፋ መልክ ነበር። ነጋዴው ጨርቅ፣ ወረቀት ወይም ብረት ለሴቶች በየቤታቸው ይሰጣል፤ በመካከሉ ደላላ ይገባል፤ ክፍያው በፍሬ ነው። ሴቶቹ ተበታትነው በየቤታቸው ስለሚሠሩ አንዷ የሌላዋን ክፍያ አታውቅም። ደላላውም «ሌላዋ በዚህ ዋጋ ትሠራዋለች» ሲል እውነት ይሁን ውሸት ማረጋገጫ የላትም። የዕቃው ዋጋ በመደብሩ መስኮት ላይ በጉልህ ተጽፎ ሳለ፣ ያን ዕቃ የሠራችው ሴት ክፍያ ግን ከደላላው ደብተር አይወጣም ነበር።

በግንቦት 1906 ዴይሊ ኒውስ የተባለ ጋዜጣ በለንደን ኩዊንስ ሆል አንድ ኤግዚቢሽን ከፈተ። በአዳራሹ ውስጥ ሴቶች ቁጭ ብለው የክብሪት ቀፎ ያጣብቃሉ፣ ሸሚዝ ይሰፋሉ፣ የወረቀት አበባ ይሠራሉ፤ በቤታቸው የሚሠሩትን ነው በአደባባይ የሚሠሩት። ለጎብኚ በተሰጠው መጽሐፍ ላይ የእያንዳንዱ ሥራ ክፍያ፣ የሚፈጀው ሰዓትና የሳምንቱ ገቢ ተጽፏል። ጎብኚዎቹ እነዚህን ዕቃዎች በየቀኑ የሚገዙ ሰዎች ነበሩ። ክፍያው ለሰዓት ሲካፈል ምን እንደሚመጣ ያዩት ግን ብዙዎቹ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሊደበቅ አልቻለም። በ1909 የወጣ ሕግ በአራት ሥራዎች ዝቅተኛ ክፍያ የሚቆርጡ ቦርዶችን አቋቋመ፤ እነሱም ልብስ ስፌት፣ የካርቶን ሳጥን ሥራ፣ የዳንቴል ማጠናቀቅና ሰንሰለት ሥራ ናቸው። በክራድሊ ሂዝ መንደር ሴቶች ከቤታቸው ጓሮ ባለች ትንሽ ቀጥቃጭ ቤት ውስጥ ብረት አግለው ሰንሰለት ይሠሩ ነበር። ቦርዱ በሰዓት ሁለት ተኩል ፔንስ እንዲከፈላቸው ወሰነ፤ ይህ ለብዙዎቹ የቀድሞ ክፍያቸው እጥፍ ያህል ነው። አሠሪዎቹና ደላሎቹ ለጊዜው ላለመክፈል ወረቀት አዘጋጅተው አስፈረሟቸው፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ የፈረሙት ምን እንደሆነ አላወቁም ነበር። በ1910 የሴት ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበረችው ሜሪ ማካርተር አስተባብራቸው ለአሥር ሳምንታት ሥራ አቆሙ። ማኅበሩ አዲሱን ክፍያ ለመክፈል የተስማሙ አሠሪዎች የሚፈርሙበት ዝርዝር አወጣ። በጥቅምት ወር ሁሉም ፈረሙ። ከሕዝብ ከተዋጣው የእርዳታ ገንዘብ የተረፈው ለመንደሩ የሠራተኞች አዳራሽ መሥሪያ ሆነ።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን የሕንዷ የአህመዳባድ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ከተማ የጨርቅ ጣቃ በራሳቸው ተሸክመው የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ኤላ ባት የተባለች የሕግ ባለሙያ ስለ ክፍያቸው ማነስ በጋዜጣ ጻፈች። ነጋዴዎቹ ተቆጥተው በጋዜጣ መልስ ሰጡ፤ «እኛ በደንብ ነው የምንከፍለው፤ ይህን ያህል ነው» ብለው ቁጥር አወጡ። ኤላ አልተከራከረቻቸውም። ራሳቸው ያወጡትን ቁጥር በትንንሽ ካርዶች አሳትማ ለሴቶቹ አደለች። ሴቶቹም ሒሳባቸውን ሲጠይቁ ካርዱን ያሳዩ ጀመር።

በ1972 ሴዋ የተባለው በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር ተመዘገበ። ምዝገባው ቀላል አልነበረም፤ መዝጋቢው «አሠሪ የሌላቸው ሴቶች እንዴት የሠራተኛ ማኅበር ይሆናሉ?» ብሎ ነበር። ይኸው ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ለዓመታት ባደረገው ጥረት በ1996 የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ቁጥር 177 የተባለውን ስምምነት አጸደቀ። ሥራ ቤቷ ወስዳ የምትሠራ ሴት እንደ ማንኛዋም ሠራተኛ ልትቆጠር እንደሚገባ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

እኛስ?

የአገራችንም ሕግ በሁለቱ ዋጋዎች ላይ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ዝርዝሩን በግልጽ ቦታ በመለጠፍ ወይም በዕቃው ላይ በማድረግ እንዲያሳይ አዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሥራን በቤት ወስዶ ስለመሥራት ውል ድንጋጌ አለው። ሕጉ አለ፤ የቀረው ልማዱ ነው።

ልማዱን የሚያስቸግረው ሒሳቡ ይመስለኛል። ለስሌት ብቻ ብዬ በወሰድኳቸው ቁጥሮች አንድ ቀሚስ እንመልከት። ክርና ጥለት 1,400 ብር፣ ሽመና 1,200፣ ጥልፍ 900፣ ስፌት 500፣ ፎቶና ኢንተርኔት 150፣ ማድረሻ 250፤ ድምሩ 4,400 ብር ነው። ቀሚሱ በ6,000 ቢሸጥ ለባለቤቷ ድካምና ትርፍ 1,600 ብር ይቀራል። ዋጋው በኢንቦክስ ሲሆን ግን ገዢዋ ተከራክራ 800 ብር ታስቀንሳለች እንበል። ከቀሚሱ ዋጋ የወረደው አንድ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም፤ ከባለቤቷ ድርሻ የሄደው ግን ግማሹ ነው። ክርና ማድረሻ አይቀንሱም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጥልፉን ስንሰጥ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ ቀንሺልኝ» እንላለን። ኢንቦክስ ውስጥ የተደረገው ቅናሽ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በጠላፊዋ ላይ ነው።

ጥልፉን ደግሞ የለንደኑ ኤግዚቢሽን እንዳደረገው ለሰዓት እናካፍለው። ሥራው 30 ሰዓት ከፈጀ 900 ብሩ በሰዓት 30 ብር ይመጣል። ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን መወያየት የምንችለው ማካፈሉን ከሠራን በኋላ ነው። ሳናካፍል ሁሉም ክፍያ ደህና ይመስላል።

ዋጋ መጻፍን በተመለከተ የሚነሳው ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ተፎካካሪ በርግጥ ያየዋል። ግን ተፎካካሪ ዛሬም በሌላ ስልክ ደንበኛ መስላ ልትጠይቅ ትችላለች፤ እኛ የምንደብቀው ከእሷ ሳይሆን ጊዜ ከሌላትና መጠየቅ ከምታፍር ገዢ ነው። የክር ዋጋ በየወሩ ይጨምራል የሚለውም እውነት ነው። መፍትሔው ግን ዋጋው የሚጸናበትን ቀን አብሮ መጻፍ ነው። ውጭ አገር ለሚላክ ዕቃ የሚጨመር ወጪ ካለ ራሱን ችሎ «የመላኪያ» ተብሎ ይጻፍ፤ ውጭ ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ለዕቃው ስንት፣ ለመላኪያው ስንት እንደከፈሉ ይወቁ። ዋጋው ከተጻፈ ደግሞ ባለቤቷ ሌሊት ለመልእክት መልስ መስጠት አይጠበቅባትም፤ ልጇም እህቷም ትእዛዝ ልትቀበልላት ትችላለች።

ለእጅ ዋጋ ደግሞ የአህመዳባዱን ካርድ እንድንወርሰው ሐሳብ አቀርባለሁ። ሥራ ለሌላ ስንሰጥ በሁለት ቅጂ የሚጻፍ አንድ ካርድ ይኑረን፤ አንዱ ለሰጪዋ፣ አንዱ ለተቀባይዋ። በላዩ ላይ የሥራው ዓይነትና ብዛት፣ ክሩን የምታቀርበው ማን እንደሆነች፣ ይፈጃል ተብሎ የተገመተው ሰዓት፣ የአንዱ ፍሬ ክፍያ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ እንዲሁም ሥራው ቢበላሽ ወይም ትእዛዙ ቢሰረዝ ጉዳቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ማኅበራችንም ከካርዶቹ ላይ የጥልፍን፣ የፈትልንና የስፌትን ክፍያ በየሦስት ወሩ እያወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ስም አያስፈልግም፤ ሥራውና ክፍያው ይበቃል። ያን ጊዜ «ሌላዋ በዚህ ትሠራዋለች» የሚለው ቃል ማረጋገጫ ይኖረዋል። ማኅበሩን የሚደግፉ ወገኖችም የሚገዙት ቀሚስ ላይ የማን እጅ ስንት እንደተከፈለው ማየት ይችላሉ።

የካርዱን ናሙና በአንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ፤ የምትፈልግ አባል ከሒሳብ ክፍል መውሰድ ትችላለች። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ከመነጋገራችን በፊት እያንዳንዳችን በቅርቡ ለሌላ የሰጠነውን አንድ ሥራ በካርዱ ላይ ሞልተን፣ ክፍያውን ለሰዓት አካፍለን ብንመጣ ውይይቱ ከግምት ይልቅ በቁጥር ይጀምራል።